ጭብጨባው እስኪያልቅ

በ2064 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ሉባባ ይመርን የሚጠላ አንድም መምህር አልነበረም። ይህ ግምት አይደለም፤ ተለክቶ የተረጋገጠ ነው። የትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ የተሰቀለው ስክሪን በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመምህራኑን አመለካከት በመቶኛ ያሳያል፤ ቁጥሩ ለዓመታት ከዘጠና ስድስት ወርዶ አያውቅም። ወላጆች ልጆቻቸውን ሲያደርሱ ቀና ብለው ያዩታል። ዝናብ ይኖር እንደሆነ ሰማዩን እንደሚያይ ሰው አይተው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

ሉባባ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ናት። አእምሮዋ ከእኩዮቿ በዝግታ ያድጋል። ሌላው ልጅ አምስት ጊዜ ሰምቶ የሚይዘውን እሷ ሃምሳ ጊዜ መስማት አለባት። እንዲህ ብሎ በግልጽ መናገር ግን ክልክል ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የእነዚህ ልጆች መጠሪያ አራት ጊዜ ተለውጧል፤ እያንዳንዱ አዲስ ስም ካለፈው ይበልጥ ያማረ ነው፤ የመጨረሻው «ልዩ ብርሃን» ይባላል። ሉባባ ልዩ ብርሃን ያላት ተማሪ ናት። ሦስተኛ ክፍል ስትገባ የምታውቀው አራት ፊደል ነበር።

የመምህራኑን ስሜት የሚያነበው አዝራር የመጣው ከመጠይቁ በኋላ ነው። ድሮ መምህራን ስለ እነዚህ ልጆች ያላቸው አመለካከት የሚጠናው በወረቀት ነበር። «በጣም እስማማለሁ»፣ «እስማማለሁ»፣ «አልወሰንኩም» እያለ በሚወርድ ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋሉ። መምህራን ሞኞች አይደሉም፤ የትኛው ሳጥን እንደሚያስመሰግን በሁለተኛው ዓመት ደረሱበት። ስለዚህ ጥያቄው ከወረቀቱ ተነስቶ ደረታቸው ላይ ተለጠፈ። ሲረጋጉ አረንጓዴ፣ ሲበሳጩ ቢጫ፣ ሲቆጡ ቀይ። አዝራሩ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ቢጫ ሆኖ ከቆየ የክፍሉ በር ይከፈትና ተተኪ መምህር ይገባል። በቢጫ አዝራር የተፈረመ ነገር፣ ውጤትም ይሁን ቅጣት ወይም ውሳኔ፣ ዋጋ የለውም፤ ማህተሙ ራሱ አላትምም ይላል። ሕጉ አያዳላም፤ የሚያስተምረውም በአስተማሪው ላይ የሚፈርደውም አዝራር ያደርጋል።

አዝራሩንም ለማሸነፍ የፈጀባቸው ሁለት ዓመት ነው። ዘዴው ቀላል ነበር። ከልጁ ምንም አለመጠበቅ። የማይጠብቅ ሰው አይበሳጭም።

ለቀረው ብስጭት ደግሞ የጠመኔ ክፍል አለ። ጠመኔ ከቀረ ሃያ ዓመት ቢሆነውም ስሙ አልቀረም። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች መስኮት የሌላት ዕቃ ቤት ናት፤ እያንዳንዱ መምህር በቀን ስድስት ደቂቃ ይፈቀድለታል። አዝራሩን ከበሩ ውጭ ምስማር ላይ ሰቅሎ ይገባል። በእረፍት ሰዓት ሰልፍ አለ።

«ጌታነህ፣ ውጣ እንጂ። እኛም ተማሪ አለን» ይላል ከውጭ የቆመው።

«አንድ ደቂቃ ይቀረኛል።»

«ትናንትም የኔን ደቂቃ በልተሃል።»

ከበሩ በስተጀርባ «ልዩ ብርሃን» የሚል ቃል አይሰማም። የሚሰማው የድሮው ቃል ነው፤ ከአራቱ ስሞች ሁሉ በፊት የነበረው፣ አሁንም ያልሞተው። ከዚያ በሩ ይከፈትና ፊቱ የበራ ሰው ይወጣል፤ አዝራሩን ከምስማሩ አንስቶ ደረቱ ላይ ይለጥፋል። አረንጓዴ።

የሉባባ መምህርት ዘይነባ አራጋው ለአሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሠርታለች። የአገልግሎት ዘመኗ ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ በየክረምቱ ስልጠና ላይ ስሟ በምሳሌነት ይጠራል። የሉባባ ተራ ሲደርስ የሚሆነውን ክፍሉ በቃሉ ያውቀዋል።

«ሉባባ፣ ተነሺ የኔ ቆንጆ። ይሄ ፊደል ማነው?»

ሉባባ ትነሳለች። ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊደል ታያለች። አፏን ትከፍታለች።

«አጨብጭቡላት።»

አርባ ስድስት ልጆች ያጨበጭባሉ። ሉባባ ትስቃለች፤ ትቀመጣለች። ዘጠኝ ሰከንድ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ የምስክር ወረቀት ትቀበላለች፤ ዳር ዳሩን አበባ ያለው፣ የመምህሯ ፊርማና አረንጓዴ ማህተም ያረፈበት። ልጅቷ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር በሚገባ ተምራለች፤ ሲጨበጨብ መቀመጥ።

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ዘይነባ ከገበያ ስትመለስ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አንዲት ወጣት ከኋላዋ መጥታ አቀፈቻት።

«ቲቸር። እኔ ነኝ። ረሳሽኝ?»

አልረሳቻትም። ትርንጎ ናት። ከአሥር ዓመት በፊት አስተምራታለች። ማስተማር የሚባል ከሆነ ነው። እሷም ልዩ ብርሃን ነበራት፤ ያኔ ስሙ ሌላ ነበር እንጂ። አሁን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከአክስቷ ጋር ሐርቡ ትኖራለች። ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ወፍራም የወረቀት ጥቅል አወጣች።

«ሁሉም አሉ። አንድም አልጠፋ። ያንቺ ናቸው እኮ።»

«የምስክር ወረቀቶችሽ?»

«ሁሌ ይዣቸው ነው የምሄድ። አክስቴ አንብቢልኝ ስላት ሥራ አለብኝ ትላለች። አንቺ አንብቢልኝ እስቲ።»

ዘይነባ የመጀመሪያውን አነበበች። በፈገግታዋ። ሁለተኛውን አነበበች። በተሳትፎዋ። ትርንጎ በእያንዳንዱ ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች፤ ወደ ማቆሚያው የሚመጣ አውቶቡስ ሲኖር ብቻ ጥቅሉን ለዘይነባ ትታ ሮጣ ሾፌሩን ትጠይቃለች፤ የሐርቡ ነው? አይደለም ሲላት ትመለሳለች። የአውቶቡሶቹ ግንባር ላይ የሚሄዱበት ቦታ በእጅ ቁመት ፊደል ተጽፏል።

ሰባተኛው ወረቀት ላይ ዘይነባ ቆመች።

«ምን ይላል?»

«ለትርንጎ አሰፋ፣ በንባብ ላሳየችው ከፍተኛ ችሎታ።»

«ንባብ ምንድን ነው?»

«ማንበብ።»

ትርንጎ ሳቀች። ከልቧ ሳቀች፤ ማቆሚያው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። «አንቺ ደግሞ ታሾፊብኛለሽ» አለች።

ፊርማው የዘይነባ ነው። ማህተሙ አረንጓዴ ነው። ሰባተኛውን አጥፋ መለሰችላትና ስምንተኛውን አነበበች፤ ሃያ ዘጠኙንም እስኪያልቅ አነበበችላት። መካከል ላይ አንድ የሐርቡ አውቶቡስ መጥቶ ነበር፤ ሁለቱም ሳያዩት ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ክፍሉን ዝም አሰኘችና «ከዛሬ ጀምሮ ሉባባ ስትነሳ የሚያጨበጭብ የለም» አለች። «እጃችሁን ዴስክ ላይ አድርጉ። እስክትጨርስ ነው።»

«ምኑን እስክትጨርስ ቲቸር?» አለች አንዷ። ልጅቷ አላሾፈችም። ሉባባ አንድ ነገር ስትጨርስ አይታ አታውቅም።

ሉባባ ተነሳች። አፏን ከፈተች። የሚጨበጨበውን ጠበቀች። ምንም የለም። ዞር ብላ ልጆቹን አየች፤ የአርባ ስድስቱም እጅ ዴስክ ላይ ነው። ተቀመጠች። ዘይነባ «ተነሺ» አለቻት። ተነሳች። ፊደሉ «ቁ» ነበር። የዘይነባ ልብ ይመታ ጀመር፤ ትለው ይሆን፣ አትለው ይሆን። አዝራሩ ቢጫ ሆነ። አዝራሩ መፈለግን ከመበሳጨት አይለይም፤ የተሠራው ለዚያ አይደለም። ሦስት ደቂቃ ሞላና በሩ ተከፈተ። ተተኪው፣ አንድ ለስላሳ ወጣት፣ ገባና «ሉባባዬ» አለ፣ «አጨብጭቡላት»።

በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀንም። ዘይነባ በቀን ሦስት ደቂቃ እንዳላት ገባት፤ ሦስት ደቂቃውን ተቀበለችው። በሩ ሲከፈት ቦርሳዋን ይዛ ትወጣለች፤ በማግስቱ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ፊደል ብቻውን ሲሆን ሉባባ እንደማትይዘው ስታይ ወደ ቃል ዞረች፤ ልጅቷ ቤቷ የምታየውን ነገር ቃል። የሉባባ እናት ልብስ ሰፊ ናት። ጥቁር። ነጭ። ክር። መኪና። በሦስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ቃል አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ።

ልጅቷ አለቀሰች። ይህ ተመዝግቧል፤ ስለተመዘገበም መደበቅ አይቻልም፤ መደበቅም አያስፈልግም። በዘጠነኛው ቀን ደብተሯን ወርውራ ግድግዳ ላይ አጋጨችው። ዘይነባ «አንሺው» አለቻት፤ ድምጿ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። አዝራሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀይ ሆነ። ተቆጥታ ነበር። ሌላውን ልጅ ደብተር ሲወረውር የምትቆጣውን ያህል ነው የተቆጣችው፤ ከዚያ አላነሰም። ሉባባ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሄደችና ደብተሩን አነሳችው። ተተኪው ሲገባ ደብተሩን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማ ነበር፤ «አጨብጭቡላት» ሲል ተቀመጠች።

የትምህርት ቤቱ ቁጥር ወደ ዘጠና ሦስት ወረደ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ደርበው ዘይነባን ቢሮ ጠራት። በሩን ከመዝጋቱ በፊት ሁለት ጊዜ በጥልቅ ተነፈሰ፤ እንደ ሁሉም ሰው።

«ዘይነባ፣ ምን ሆነሽ ነው? ቤትሽ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው።»

«ታዲያ ምን ነካሽ? አሥራ አራት ዓመት አረንጓዴ። አሁን ያንቺ ቁጥር ሃምሳ ስምንት። ባለፈው ስልጠና ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ርዕሰ መምህር ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ‹የዘይነባን ዓይነት አንድ ስጠኝ› ነው ያሉኝ።»

«አሁንም ይስጧቸው።»

«አትቀልጂ።»

«እያስተማርኳት ነው አቶ ደርበው።»

«ማን አታስተምሪ አለሽ? አስተምሪ። ተረጋግተሽ አስተምሪ።»

«ተረጋግቼማ አሥራ አራት ዓመት ምንም አላስተማርኩም።»

አቶ ደርበው ቁልቁል አዝራሩን አየ። ዳር ዳሩ ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር። «እንዲህ ያለ ነገር እዚህ አትናገሪ፤ የኔንም ታበላሺብኛለሽ» አለና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፊኛ የያዘ ሥዕል በጣቱ ወደ እሷ ገፋው። «ልጅቷን ወደ ፌሽታ ክፍል እናዛውራት። ሙዚቃ አለ፣ ፊኛ አለ፣ ኳስ አለ። መምህራኑ መቶ ከመቶ ናቸው። እዚያ የሚያለቅስ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

«በቃ።»

«የሚያነብስ አይተዋል?»

ጉዳዩን ወደ ኮሚቴ መራው። ኮሚቴው የሚቀመጠው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያና መስከረም ላይ ነው። ፌሽታ ክፍል የገባ ልጅ ወደ መደበኛ ክፍል የተመለሰበት ጊዜ የለም። የሚመለስበት ቅጽም አልተዘጋጀም።

የሉባባ እናት ወይዘሮ መሬማ በጥር መጨረሻ ዘይነባን በር ላይ ጠብቃ ያዘቻት። የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ ነበር፤ ከሥራ ተነስታ ነው የመጣችው።

«መምህርት፣ ልጄ ድሮ ትምህርት ቤት የምትመጣው እየሳቀች ነው። አሁን ጫማዬን አላደርግም ትላለች። ምን አድርጋዎት ነው?»

«ምንም አላደረገችም።»

«ታለቅሳለች ብለው መልዕክት ላኩልኝ። ሦስት ዓመት እንዲህ ያለ መልዕክት ደርሶኝ አያውቅም።»

«ሦስት ዓመት ምን ነበር የሚደርስዎት?»

«ጎበዝ ናት የሚል ነዋ።»

«በምን?»

ጥያቄው መሬማን ይበልጥ አናደዳት። ወላጅ ላይ አዝራር የለም፤ ስለዚህ የሚሰማት ሁሉ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። «ልጄን አትነካኩብኝ» ብላ ሄደች።

በየካቲት ሃያ ቀን ተመልሳ መጣች። የዚህን ጊዜ አልጮኸችም።

«መምህርት፣ እንግዲህ እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት አላውቅም። ክሮቼን በየሳጥኑ አድርጌ ከላይ ቀለሙን ጽፌበታለሁ። ሉባባ ክር አቀብይኝ ስላት ሁሉንም ሳጥን እየከፈተች ነው የምታየው። ለዓመታት እንዲያ ነው። ትናንት ጥቁሩን አልኳት። ሳጥኖቹ ፊት ቆመች፤ ቆመች፤ እንቅልፍ የወሰዳት መሰለኝ። ጣቷን ጽሑፉ ላይ አደረገች። ሳትከፍት ጥቁሩን አመጣች።»

«ከዚያስ?»

«አጋጣሚ ነው ብዬ ነጩን አልኳት። አመጣች። ቀዩን ስላት ግን ቢጫውን አመጣች።»

«ቀይ ገና አልደረስንም» አለች ዘይነባ።

መሬማ ሜትሯን በሁለት እጇ ያዘች። «አላጨበጨብኩላትም» አለች፣ እንደ ጥፋተኛ። «እጄ መርፌ ይዞ ነበር።»

«እንኳን ያዘ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሉባባ ጫማዋን አላደርግም ስትል እናቷ ራሷ ታደርግላታለች፤ ሦስቱ ደቂቃ የሚጀምረው ስንት ሰዓት እንደሆነ አጥንታ ልጅቷን ሳታረፍድ ታደርሳለች። የክፍሉ ልጆችም የራሳቸውን ዘዴ ፈጠሩ። ተተኪው ገብቶ «አጨብጭቡላት» ሲል በመጋቢት ወር አንድ ቀን ሦስት ልጅ ብቻ አጨበጨበ። የቀሩት እጃቸው ዴስክ ላይ ነበር። ተተኪው ቢጫ ሆነ።

ኮሚቴው በሚያዝያ ሃያ ሁለት ቀን ተቀመጠ። ዘይነባ፣ መሬማና ሉባባ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ተራ ጠበቁ። በሩ ከባድ ነው። ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ስለዚህ ጉዳዩን ጨርሶ የሚወጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከውስጥ በትከሻው ይገፋዋል፤ ግው ይላል፤ ከዚያ ይስቅና ይስበዋል። በተጠባበቁበት ሰዓት አምስት ጊዜ ግው አለ። ሉባባ በእያንዳንዱ ደነገጠች።

ውስጥ ሦስት ሰው ነበር። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ጽጌማርያም፣ አንድ የልጆች ጠባይ ባለሙያና ከወረዳው የመጣ ሰው። ሦስቱም አረንጓዴ። ጊዜው አምስት ሰዓት ከአርባ ነው፤ ሌላ አራት ጉዳይ ቀርቷቸዋል፤ ምሳ ስድስት ሰዓት ነው።

ባለሙያው ከፊቱ ያለውን አነበበ። «ከኅዳር ወዲህ ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አልቅሳለች። ከዚያ በፊት በሦስት ዓመት ሁለት ጊዜ። አንዱ ወድቃ ነው።»

«ልክ ነው» አለች ዘይነባ።

«መምህርት፣ ይህን ስትሰሚ ምን ይሰማሻል?» አለች ሰብሳቢዋ። ድምጿ ለስላሳ ነው፤ የሁሉም ድምፅ ለስላሳ ነው።

«ወይዘሮ ጽጌማርያም፣ ልጅ አለዎት?»

«አለኝ። አራተኛ ክፍል ነው።»

«ሲያጠና ተቆጥተውት አያውቁም?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ለምን?»

«ልጄማ...» አለችና ቆመች። አዝራሯ አንዴ ብልጭ ብሎ ተመለሰ። ብርጭቆውን አንስታ ውሃ ጠጣች። «እንቀጥል። ልጅቷ ታሳየን። ደንቡ እንደሚለው ተማሪዋ ስታሳይ መምህሯም ወላጇም አይናገሩም። ነይ የኔ ብርሃን።»

ሉባባ ወረቀቷን ይዛ ጠረጴዛው ፊት ቆመች። አራት መስመር ነው። የዘይነባ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ ትልልቅ። ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አደረገች።

«የ... እ... የእ... የእናቴ» አለች።

ሦስቱ አጨበጨቡ። ሰብሳቢዋ እጇን ከፍ አድርጋ አጨበጨበች፤ ፊቷ በርቷል። «ጎበዝ። ጎበዝ የኔ ቆንጆ።» የወረዳው ሰው ቀድሞውኑ መጻፍ ጀምሮ ነበር።

ሉባባ ተቀመጠች።

ዘይነባ ከወንበሯ ወደ ፊት ተንፏቀቀች፤ መናገር አይፈቀድላትም። ከተናገረች ማሳየቱ ይሰረዛል፤ ልጅቷ በዚያው ሰዓት ወደ ፌሽታ ክፍል ትሄዳለች። አዝራሯ ቢጫ ነበር። መሬማ ጉልበቷ ላይ ያለውን ነጠላ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ጣሪያውን ታያለች። አምስት ወር፣ በቀን ሦስት ደቂቃ፣ በስድስት እጅ ጭብጨባ አለቀ። ኮሚቴው ክፉ አልነበረም። ስድስቱም እጅ ሞቅ ያለ ነበር። ትልቅ ሰው የሕፃን ነገር መጠበቅ ሲሰለቸው የሚያደርገውን ነው ያደረጉት፤ በደግነት ዘጉት።

«እንግዲህ...» አለች ሰብሳቢዋ።

ሉባባ ወረቀቱን ታያለች። ጣቷ «የእናቴ» ከሚለው ቃል ላይ አልተነሳም ነበር። ተነሳች።

«አልጨረስኩም» አለች።

ሰብሳቢዋ ወደ ባለሙያው አየች። ባለሙያው አጨበጨበ፤ ሁለቱ ተከተሉት፤ ከፊተኛው ይበልጥ ጠንክረው፣ ይበልጥ ረዘም አድርገው። ሉባባ ጉልበቷ እጥፍ አለ። ልማድ ነው። ወንበሩን በጀርባዋ ነካችው። ግን አልተቀመጠችም። ጣቷን ቃሉ ላይ እንደተከለች ጭብጨባውን ጠበቀች፤ ዝናብ እስኪያባራ ደጃፍ ላይ እንደሚቆም ሰው። ጭብጨባው ሳሳ፣ ተቆራረጠ፣ ቆመ።

«ጨረሳችሁ?» አለች።

ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች።

«የእናቴ... መ... መኪና... ጥቁር... ነው።»

ይህ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። የወረዳው ሰው ሰዓቱን አየ፤ አዝራሩ በሦስተኛው ደቂቃ ቢጫ ሆነ። ባለሙያው እንደተማረው በአፍንጫው ስቦ በአፉ ይተነፍስ ነበር፤ በአምስተኛው ደቂቃ እሱም ቢጫ ሆነ።

«መኪናው... ክር... ይ... ይበ... ይበላል።»

ኮሪደሩ ላይ ቀጣዩ ባለጉዳይ ያስላል። የስድስት ሰዓት ደወል ሊደወል ነው።

«ክሩ... ሲያልቅ... ይቆማል።»

ሰብሳቢዋ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ወደ ፊት አዘንብላ ነበር። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉን አብራ እየፈለገች መሆኑን አላወቀችም። አዝራሯ ቢጫ የሆነው ያኔ ነው። ሰልችቷት ይሁን ፈልጋ፣ አዝራሩ አያውቅም፤ እሷም ብትጠየቅ ታውቅ እንደሆነ ያጠራጥራል።

የመጨረሻው መስመር ሦስት ቃል ነው። ሉባባ ሁለቱን አለቻቸው። «እኔ... ክር...» ሦስተኛው ረጅም ነው። ከየካቲት ጀምሮ ይህ ቃል ያስለቅሳታል። ጣቷ ቆመ። ዓይኗ እንባ አቆረ። አዝራር በሌላት በመሬማ ፊት ላይ ሁሉም ነገር ይታይ ነበር።

«አ... አቀ... አቀብ... አቀብላለሁ» አለች። «እኔ ክር አቀብላለሁ።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ጨረስኩ።»

አሥራ አንድ ደቂቃ። ሰብሳቢዋ እጆቿን አነሳች፤ አየቻቸው፤ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው።

የዝውውር ወረቀቱ ቀድሞ ተሞልቶ የቀረበ ነበር፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። የወረዳው ሰው ፈረመና ማህተሙን አሳረፈበት። ማህተሙ አላተመም። ባለሙያው ሞከረ። አላተመም። ሰብሳቢዋ ደረቷን አየች፤ የሁለቱን ደረት አየች። በቢጫ አዝራር የተሰጠ ውሳኔ ዋጋ የለውም።

«ትንሽ ብንጠብቅ ይረጋጋል» አለ የወረዳው ሰው።

«አንድ ጉዳይ በዕለቱ አንድ ጊዜ ነው የሚታየው» አለች ሰብሳቢዋ። ደንቡን የጻፈው ሰው ኮሚቴ ሊበሳጭ ይችላል ብሎ አላሰበም። «ለመስከረም ተላልፏል። እስከዚያ ልጅቷ ባለችበት ትቆይ። መምህሯም እንዲሁ።»

ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦ ተማሪዋ አራት ዓረፍተ ነገር አሳይታለች። ለሁለተኛ ጊዜ ሲጨበጨብላት አልተቀመጠችም። የጠባይ ክትትል ያስፈልጋታል።

ደወሉ ተደወለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሉባባ ከሁሉም ቀድማ በሩ ጋ ደረሰች፤ ደርሳም ቆመች። በዓይኗ ትይዩ አንድ ትንሽ ነገር ተለጥፏል። ጣቷን አደረገችበት። ከኋላዋ እናቷ፣ ከእናቷ ኋላ ዘይነባ፣ ከዘይነባ ኋላ የወረዳው ሰው፣ ባለሙያውና ሰብሳቢዋ ተሰልፈው ቆሙ። ምሳ ይጠብቃቸዋል።

«ምንድን ነው፣ ተቆለፈ እንዴ?» አለ የወረዳው ሰው።

«እያነበበች ነው» አለች ዘይነባ።

«ሳ...» አለች ሉባባ።

ጠበቁ። የወረዳው ሰው እግሩን ቀየረ። ሰብሳቢዋ ከትከሻዎቹ በላይ አሻግራ ጽሑፉን ታይ ነበር፤ ስድስት ዓመት በዚህ በር ስትገባና ስትወጣ ኖራለች።

«ሳቡ» አለች ሉባባ፤ በሩንም ሳበችው።